የአህያዋ ሒሳብ

ከቃሊቲ ወዲያ፣ ከቆዳው ፋብሪካ ቁልቁል፣
ወንዙ ጠዋት ሰማያዊ፣ ማታ ጥቁር ይመስላል፤
የኦቦ ጉደታ ሰላጣና ቆስጣ በዳር በዳሩ ይበቅላል።
“ልጄ፣ አንቺ ቁጥር ታውቂያለሽ፤
እዚህ እርሻዬ ጋ ሲደርስ መርዙ ስንት ነው? ትነግሪኛለሽ?”

ወንዙን በመረብ ከፋፈልሁት፣ በሺህ ደቃቅ ዐይን፤
ለእያንዳንዱ ዐይን አንድ እኩልታ፣ አንድ ያልታወቀ መጠን።
አላዳላም ብዬ፣ ለላይኛውም ለታችኛውም ጎረቤት
እኩል ጆሮ ሰጠሁ፤
የዕድር ዳኛ እንኳ እንዲህ ያለ ሚዛን የለው ምናልባት።

ደቃቁ መረብ እንግዳ ወንፊት ነው፦
ብናኙን ስሕተት ይለቅማል፣ ድንጋዩን ግን ያሳልፋል፤
መቶ ጊዜ ብነፋው ድንጋዩ እዚያው ውሎ ያድራል።
እሱን ለማየት ወደ ሻካራው መረብ ይወጣል፣
የረር ጋራ ላይ እንደ መውጣት፦ ቤቱ፣ አጥሩ ይጠፋል፣
የመሬቱ ዝንባሌ ብቻ ይቀራል።

ወጣሁ።
ቁጥሩ ወዲህ ወዲያ ዘለለ፣
አንዱ ዐይን ላይ ከዜሮ በታች የሆነ መርዝ ታየ።
ከባዶ ያነሰ መርዝ!
ጉደታ ቢሰማ “ጠበል ሆነልኛ” ብሎ በሣቀ።
ከዚያ መብራት ጠፋ።

በጨለማው ያቺ የተረት አህያ መጣችብኝ፣
ከታች ቆማ ስትጠጣ፣ ጅብ ከላይ ሆኖ “ውሃዬን አደፈረስሽብኝ”
ያላት፤ እሷም “አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ።”

ለካ ሒሳቡን ጨርሳዋለች።
የላዩ ለታቹ ይናገራል፣ የታቹ ለላዩ አይናገርም፤
በማትሪክሱ ከሰያፉ ወዲህ ያለው ወዲያ ካለው አይተካከልም።
እኔ እኩል ጆሮ ስሰጥ
የጅቡን ክስ ነበር ያመንሁት።
በደቃቁ መረብ ውሸቱ ተሸፋፍኖ ያልፋል፣
በሻካራው ላይ ግን አፍ አውጥቶ ይጮኻል።

መብራት ሲመጣ ጆሮዬን ወደ ላይኛው አዘነበልሁ፣ በሻካራው በተለይ፤
ከቱቦው አፍ ጀመርሁ፣ ከዐይን ወደ ዐይን፣
እስከ አባ ሳሙኤል ግድብ፣ አንዴም ሽቅብ ሳላይ።
ጋራ ወጣሁ፣ ወረድሁ፣ ደግሜ ወጣሁ፤ በያንዳንዱ ዙር
ስሕተቱ ዐሥር እጥፍ አነሰ፤
በስምንተኛው፣ ዶሮ ሲጮኽ፣
የቀረው የአሸዋ ቅንጣት የማታክል ነገር።

ጠዋት ወረድሁ። ጉደታ ወረቀቱን አየው፣
አጠፈው፣ ከባርኔጣው ሥር ከተተው።
“እኔማ በእጄ ቆዳ አውቀዋለሁ፤
የላዮቹ ይስሙት ብዬ ነው።”
ለሦስት ቢሮ ደብዳቤ ጽፌያለሁ።
ሽቅብ ነው መንገዱ። መልስ የለም።

ልሄድ ስል ቆስጣውን በጆንያ እያሰረ ነበር።
አይሱዙው ሞተሩን አሙቆ ይጠብቃል፣
ሊወጣ፣ ወደ ከተማው፣ ወደ ላዮቹ ማዕድ።

ይህን ቁጥር
አላስገባሁትም ነበር።