ዝናቡን አሰሚኝ

ኤደልሚራ ስሚኝ፣ እዚህ ዝናብ የለም፣
ከመዳብ አቧራ በቀር የሚዘንም፤
አታካማ ላይ ሰማዩን እንኳ አያልበውም።
የምነዳው መኪና ጎማው ከበራችን ይበልጣል፣
ሌሊቱን ጉድጓድ ሲወርድ፣ ጉድጓድ ሲወጣ ያድራል፣
እኔም አብሬው።

ቀን በተኛሁበት አልጋ ማታ ሌላ ሰው ይተኛል፤
የሱም ሚስት ፎቶ ካንቺው ፊት ለፊት ተለጥፏል።
ሁለታችሁ ስትተያዩ ትውላላችሁ፣
ማን ማንን ታጽናና ይሆን? እንጃላችሁ።

እሑድ ስትደውይ ስለ ድንቹ ነገርሽኝ፣
ጀልባው ማፍሰሱን፣ የሱቁን ዕዳ አስታወስሽኝ፤
እኔ ግን ከድምፅሽ ጀርባ ሌላ ድምፅ ሰማሁ፣
የቺሎዌ ዝናብ ቆርቆሮ ሲደልቅ። «ዝም በይ!» አልሁ።
«ተቆጣህ እንዴ?»
«አይ፣ ጣራውን አሰሚኝ።»

ኦቲሊያ ሮጣ ስልኩን ደጅ አወጣች፣
«አባዬ፣ ይኸው ጠጣ!» ብላ ወደ ላይ ዘረጋች።
ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ…
ከዚያ ጭጭ። ውሃ ገባው።

ለአዲስ ስልክ መግዣ ሦስት ቀን ፈረቃ ጨመርሁ፤
አለቃው ፈረመ፣ እኔም ፈረምሁ።
እስኪገዛ ድረስ ከፎቶሽ ጋር ነኝ፤
የዚያ ሰውዬ ሚስት ስትሰማኝ አፈርሁ፣ ግን አላስቻለኝ።