የበረዶ ኒካህ

በረዶ ወንድ አለው፣ በረዶ ሴት አለው፣
አፖ ሙርሺድ፣ አያቴ፣ እንዲያ ነው የሚለው።
ወንዱ ጥቁር ደረቅ፣ ድንጋይ የታቀፈ፣
ሴቷ ሰማያዊ፣ ጡቷ ያልነጠፈ።
ከየጎጇቸው ቆርሰው በጥላ ቢያጋቧቸው፣
ገለባና ከሰል ብርድ ልብስ ቢያለብሷቸው፣
ክረምት ከክረምት ላይ ሲደራረብላቸው፣
ወንዝ የምታጠጣ ልጅ ትወለዳለች፤ ይኸው ነው ኒካሃቸው።

እኔ ሸርባኖ ነኝ። ላሆር ድረስ ሄጄ፣
የበረዶን ዕድሜ መቁጠር ተለማምጄ፣
ችካልና ገመድ ባህያ አስጭኜ፣ ሺጋር ገባሁ ማልጄ።

ላሆር ላይ መምህሬ ሲሰማኝ ስቆ ነበር፤
«በረዶ አይወልድም፣ ልጄ፤ ይህ የሙቀት ጉዳይ ነው፣ የግፊት ነገር።»
ልክ ነው፣ አይወልድም። እንዲያው ጽፌ ፈተናውን አለፍኩ፤
ማታ ግን አልጋዬ ላይ የጠብታ ድምፅ ሰማሁ፤
ተነስቼ ቧንቧ ዘጋሁ፤ አልቆመም፤ አለቀስኩ።

ችካሌን ተክዬ በዓመቱ ብመለስ፣ ወድቋል፤
በረዶው ዐሥራ አንድ ሜትር ወደ ላይ ሸሽቷል።
የአፕሪኮቱ ዛፍ አበባውን ጥሏል፣
ቦዩም አፉን ከፍቶ አሸዋ ጎርሷል።

አጎቴ ሐይደር ተቆጥቶ ችካሉን ነቀለ፣
«የአላህን ሥራ በእንጨት ማን ይለካል?» አለ።
አፖ ሙርሺድ ግና መስበሃውን ኪሱ ከቶ፣
ደብተሬን ተቀበለኝ እጁን ዘርግቶ።
ማንበብ አይችልም፤ ጣቱን ግን በቁጥሮቹ ላይ፣ ልክ እንደ ዚክር፣
አንድ ባንድ አሳለፈ፣ ሳይቸኩል፣ ሳይናገር።

«አንቺ ልጅ» አለኝ ኋላ፣ «ይሄም ተስቢህ ነው፤
ሱብሃነላህ የሚባል ሳያዩ ነው ወይስ አይተው?
ቀና ብለሽ ሳታዪ፣ ጨረቃን ሳትጠብቂ፣
ጾሙ መግባቱንስ ከወዴት ልታውቂ?
ለውዱእ ውሃ አጥቶ ሰው አፈር ሲዳስስ፣
የት ሄደ ውሃው ብላ አትጠይቅም ወይ ነፍስ?»

ዋሻውን የመረጠው አፖ ብቻ አይደለም፤
ፀሐይ ያንን ጥግ አንድም ቀን ስማው አታውቅም፤
ከቴርሞሜትሮቼ ጋር ሦስት ቀን ሙሉ መከሩ፤
«ይሄኛው ውሸታም ነው» ብሎ አንዱን ጣለው፤
እውነትም ስንጥቅ ነበረው ከሥሩ።

ብርዱ በጠናበት ሌሊት፣ ስምንት ሆነን፣
የወንዱን፣ የሴቷን ቅርጫት ተሸክመን፣
ወጣን። ሕጉ ዝምታ ነው፤ መሬት አይነካም ጭነቱ፤
ካወሩ ይደነግጣል፣ ካስቀመጡት ይወጣል ሕይወቱ።
ሴት አትሸከምም ይላል የጥንቱ ደንቡ፤
ግን ያንዱ ጎረምሳ ጉልበት ሲከዳው፣ ገደሉ ካጠገቡ፣
አፖ ዞሮ አየኝ፤ ቃል ሳይተነፍስ በዓይኑ ጠቆመኝ፤
ሴቷ በረዶ ጀርባዬ ላይ ቀለጠች፣ ልብሴን አልፋ ነከሰችኝ።
መለካት ብቻ የማውቀው ባከርካሪዬ ወረደ፣
ጠብታ በጠብታ፣ ከውዱእ ውሃ የቀዘቀዘ፣ ከደብተር የከበደ።

ሱብሂን እዚያው ሰገድን፤ ወንዶቹ በተርታ፣
እኔ ከኋላቸው፣ ከኔም ኋላ ሙሽሮቹ፤
ግንባራችን ውርጭ ሲነካ፣
አብረው የሰገዱ መሰሉኝ ተራሮቹ።

አፖ ባራተኛው ክረምት ሞተ። ልጅቷን አላየም።
እኔም አየኋት ብዬ አልምልም።
ዘንድሮ ወጥቼ ገለባውን ገለጥኩ፤ ከሥሩ ብርድ አለ፤
ውፍረቱ ክንድ ከስንዝር፤ ውሃው ጠብ ጠብ እያለ።
ልጅ ናት ወይስ ቅሪት? ዱዓው ነው ወይስ ጥላው?
ላሆር ቢጠይቁኝ፣ ገና አልታወቀም መላው።

ከደብተሬ ጠርዝ፣ የስሕተት ልክ በሚሞላበት ዓምድ፣
እጄ ትንሽ ቆመ፤ ጣቴ ደንዝዟል በብርድ፤
ፕላስ ማይነስ ጻፍኩኝ፣ ቁጥሩንም ቀጥዬ፤
ችካሌን መታሁት ቢስሚላህ ብዬ።
ከቁጥሩ ሥር፣ በእርሳስ፣ የአፖን ቃል፦ አላሁ አዕለም።
ለከርሞ እመጣለሁ። እስከዚያ ችካሉ ይቁም።