ነጭ ውሸት

ማክሰኞ ማታ ነው፤ ብራድፎርድ ይዘንባል፤
ሦስተኛው ፎቅ ላይ አምፖል ይርገበገባል፤
ድሮ የሱፍ መጋዘን፣ ዛሬ የእኛ ክፍል፣
ግድግዳው ሲረጥብ እስካሁን በግ በግ የሚል።

ወይዘሮ ሞሪን፣ መነጽሯ ካፍንጫዋ ጫፍ፣
«ሐቅና ማታለል» ብላ ጀመረች መጻፍ።
ስምንት ነን ተማሪዎች፤ ሩዝጋር ኩርዱ ከፊት፣
ከኋላ እኅትማማቾቹ፣ ከኢራን የመጡት፣
እኔ በመስኮቱ ሥር፣ እግሬ ከማሞቂያው ጋር፣
ደብተሬ ላይ ገና አንድም ቃል ሳይሰፍር።

«ኦነስት» አለች፣ «ሐቀኛ። የፊቱን ፊደል ግን
ይጻፋል እንጂ አትጥሩት፤ ዝም ብላችሁ እለፉት።»
ሩዝጋር እጁን አወጣ፦ «ታዲያ ለምን ቆመ?»
ሞሪን ትከሻዋን ሰበቀች፤ ክፍሉ ተገረመ።
እኔ አወቅሁት ያን ፊደል፤ ስሙ መዝገብ ገብቶ፣
ወረፋ የሚጠብቅ፣ የሚጠራው ጠፍቶ።

«ሰውን ያሞኘ ሰው ዓይኑ ላይ ሱፍ ጎተተ
ይባላል» አለችን። በሆዴ ሳቄ መጣ፤
የእኛም አገር ተኩላ ለምዱን ከዚያው ነው የሸመተ፤
ምስኪን በግ! በሁለት ቋንቋ ለውሸት ተሸለተ።

ከዚያ «ዋይት ላይ» ጻፈች። ብዕሬን አነሳሁ፤
ነጭ ውሸት! እሷንስ ካገሬ ይዤያት መጣሁ፤
ዓይን ያወጣች፣ አገር የሰማት፣ ፀሐይ የሞቃት፣
እፍረት ያልነካት፣ ጥላ እንኳ የማይደብቃት።

ሞሪን ግን ፈገግ አለች፦ «ትንሽዬ ናት፣ ደግ።
አክስትህ የማይሆን ሹራብ ሠርታ ብታለብስህ፣
‹ውይ ሲያምር!› ማለት ነው፤ ማንም አይወቅስህ።»

ብዕሬ ቆመ።

ሊድስ፣ አምና ኅዳር። መስኮት የሌለው ክፍል።
ጠያቂው ልጅ እግር ነው፣ እየሰማ የሚጽፍ።
አስተርጓሚው በስልክ ነው፤ ፊቱን አላየሁትም፤
ከጀርባው ሕፃን ያለቅሳል፤ ድምፁ ግን አይቸኩልም።
«የማኅበሩ ስንዴ፣ ሰማንያ ኩንታል ጠፍቷል፤
ሸጠህ በልተኸዋል ሲሉ ከሰውሃል።
ምን ትላለህ?»
«ነጭ ውሸት ነው!» አልኩ፤ ጠረጴዛውን መታሁ፤
ከዚህ ወዲያ ምን ይባላል ብዬ ውሃዬን ጠጣሁ።
ስልኩም ቃሌን ወሰደ፤ አልጨመረ፣ አልቀነሰ፤
«ዋይት ላይ» ብሎ አደረሰ።
ልጁ ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ጻፈ።

በስድስተኛው ወር ደብዳቤ፤ አንቀጽ አሥራ አራት፦
«አመልካቹ ራሱ ክሱን ቀላል፣ ጉዳት የሌለበት
ነገር ሲል ገልጾታል።»
መቼ? የት? በየትኛው አፌ?
አንቀጹን አጥፌ ዘርግቼ፣ ዘርግቼ አጥፌ፣
ያን ቃል ከየት እንዳመጡት ስፈልግ ከረምሁ፤
ዛሬ ማታ በሞሪን ሰሌዳ ላይ አገኘሁ።

ታዲያ ማን ዋሸ? ልጁ የሰማውን ጻፈ፤
ስልኩም የአባቱን ቋንቋ ቃል በቃል አሳለፈ፤
እኔም እውነቴን ነበር።
ሦስት ሐቀኛ ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ፣
አንድ ውሸት ወለድን፤ አባት የለው፣ መጠሪያ።

«ምሳሌ ስጠኝ» አለችኝ ሞሪን። እንዲህ አልኳት፦
«እኅቴ እልፍነሽ እሑድ እሑድ ስትደውል፣
‹ጉዳይህስ?› ትለኛለች። ‹አለቀ› እላለሁ፤ ‹ማኅተም ብቻ ቀረው።›»
«ጎሽ!» አለች፣ ምልክት አደረገችልኝ በቀይ፤
«ይኸው እንዲህ ነው ዋይት ላይ።»
እውነቷን ነው። በእንግሊዝኛም ነጭ፣ በአማርኛም ነጭ፤
ከአፌ ከወጣው ሁሉ እሷ ብቻ ሳትተረጎም የምትቀመጥ።

ደረጃውን ወረድኩ። ዝናቡ አላባራም።
«እውነት ተናግረህ የመሸበት እደር» ይላል ያገሬ ሰው፤
ተናግሬያለሁ። መሽቷል።
ፌርማታው ላይ ሰሌዳው «ሦስት ደቂቃ» ይላል፤
ሩብ ሰዓት ሙሉ ቆምን፣ ዛሬም «ሦስት ደቂቃ» ይላል፤
ጃንጥላ የያዙት አሮጊት አዩት፣ ዓይናቸውን መለሱ፤
ማንም አልተቆጣው።