የቀኝ ጓንት

ቢያሊስቶክ፣ ከሽመና ፋብሪካው፣ ከጭስ ማውጫው ጥላ፣
ሁለት ክፍል ነበረን፣ አንዱ ባንዱ ኋላ።
ሰሌዳው በዕብራይስጥ ፊደል «ብርታት» ይል ነበር፣
ቀለሙ ግን የሰለለ፣ ዝናብ ያጠበው ከዳር እዳር።

ፊተኛው ክፍል የቼዝ ነው፤ ሽማግሌ ያንጎላጅበታል፣
አንድ ፈረስ ለማንሳት አንድ ምሽት ያስብበታል።
ኋለኛው የኛ ነበር፣ የቦክሰኞች ጓዳ፣
ላብና ካምፎር ያወዛው ግድግዳ።
መሐል ላይ አንድ ምድጃ፣ ለሁለቱም የሚሞቅ፤
በከሰሉ መዋጮ ነው ወዳጅ ከወዳጅ የሚራራቅ።

የከተማው ክለብ በር ስናንኳኳ፣ «ሞልቷል» ይለናል ዘበኛ፤
በመስኮት ግን ይታያል ባዶ ወንበር፣ የሚያዛጋ ዳኛ።

ጸሐፊያችን ኦሼር ቃለ ጉባኤ ሲጽፍ፣
ብዕሩ ጠንቃቃ ነበር፣ አንዲት ሳል እንኳ አታልፍ፦
«በሰንበት እንግጠም ወይ?» ሦስት ሳምንት ክርክር፣
ዘጠኝ እጅ ወጣ፣ ዘጠኝ እጅ ቀረ ብብት ሥር።
አሥራ ዘጠነኛው ፋይቪሽ ነው፣ ዳቦ ጋጋሪው፣
ሌሊቱን ሊጥ ሲያሽ አድሮ፣ እንቅልፍ ሆነ መካሪው።
ውሳኔው እስካሁን በይደር ነው።

ነጋዴው ግላንዝ መጋረጃ ቀለሙ ተበላሽቶ፣
«ውሰዱት» አለን፣ «ከሚቀር በብል ተበልቶ።»
ዝላታ ቁምጣ ሰፋችው፣ የወይን ዘለላ ያለበት፤
ባላጋራ ስቆ እስኪያበቃ፣ አንድ ቡጢ አተረፍንበት።

ጓንት ግን ከምን ይሰፋል?
የመዋጮው ሣጥን ቢራገፍ፣ ሳንቲሙ ቢለቀም፣
ካንድ ጥንድ በላይ አልገዛም።
ስለዚህ ተካፈልነው፦ ሄርሽ ግራኝ ነው፣ ግራውን አጠለቀ፤
እኔ ቀኙን፤ ባዶ እጄ ከወገቤ ኋላ ተደበቀ።
ግማሽ ሰው ከግማሽ ሰው፣ በኖራ ክብ ሲጋጠም፣
ደወሉ የሻይ ብርጭቆ ነው፣ በዝላታ ማንኪያ የሚያዜም።
«ቀስ በሉ እናንተ!» ይጮኻል ዘሊግ ከግድግዳው ማዶ፣
«ንግሥቴ ወደቀች!» — የኛ ወለል ተርገድግዶ።

በሠላሳ ስድስት ያጎቴ ፖስታ ከቦነስ አይረስ ደረሰ፤
የመርከብ ቲኬት ወደቀ ከውስጡ። የናቴ ሻይ ቀዘቀዘ፣ አልተቀመሰ።

ባቡር ጣቢያ ሄርሽ መጣ፣ የወይኑ ቁምጣ ከካፖርቱ ሥር፣
(ውርርድ ነው፤ በዚያ በጥር ብርድ!) ጉልበቱ ቀልቶ እንደ ቀይ ሥር።
ቀኙን ጓንት አስጨበጠኝ፤ «ሌላ ስትገዛ ትመልሳለህ» አለኝ፣
«እስከዚያ ግማሼን ያዝ፤ እኔም ያንተ ግማሽ አለኝ።»

ደብዳቤ ይመጣ ነበር፣ በኦሼር ጠንቃቃ ጽሑፍ፦
ዘሊግ ሞቷል፣ ንግሥቱ ቆማ፤ ምድጃው ተሰንጥቆ ጭሱ አያልፍ።
«አሥራ አምስት ልጆች አሉን፤ በግራ ብቻ ይለማመዳሉ፣
ከተማው ሁሉ ግራኝ ሊሆን ነው፣ እናቶች ያማርራሉ።»

ሦስት ዓመት አጠራቀምሁ፣ የሰው ሶፋ እያለበስሁ፣
ከቆዳ የተሠራ፣ ጥሩ፣ ሁለት ጥንድ ጓንት ገዛሁ።
በነሐሴ፣ በሠላሳ ዘጠኝ፣ ላክሁ።
ጥቅሉ በጥር ተመለሰ፣ ገመዱ እንኳ ሳይፈታ፣
«አገልግሎቱ ተቋርጧል» ይላል፣ ሐምራዊ ማኅተም የፖስታ።

የላኪው ስም የኔ ነው። የተቀባዩ ስም፣
በራሴ እጅ የጻፍሁት፣ እስካሁን አልደበዘዘም።

እዚህ ሰፈር ልጆች አሠለጥናለሁ፤ ጓንት ሞልቷል በየሚስማሩ።
አንዱ ትንሽ፣ ጥርሱ የወለቀ፣ ይጠይቀኛል በየዙሩ፦
«ግራ እጅህን ለምን ነው ሁልጊዜ ከኋላ የምትይዘው?»
«ጓንቱ ጓደኛዬ ጋ ነው፤» እለዋለሁ፣ «ሲመጣ ነው የማወጣው።»
ከዚያ ማንኪያዬን አነሳለሁ፣
ብርጭቆውን እመታለሁ።