ሁለት ምት

ገና ሳይነጋጋ ጀልባዬን ገፍቼ፣
የሞተሩን ገመድ ስስብ ተሰላችቼ፣
ሃያ ጊዜ ሳብኩት፤ ሃያ አንድ፤ ሃያ ሁለት፤
እህህ ይልና ዝም፣ እንደ ታመመ አሮጊት።

ሄድኩ ሽታው ጋ።
ከዓሣ ማረፊያው ጎን፣ ከሾላው ዛፍ ሥር፣
የተገለበጠ በርሜል ነው የሱቁ ድንበር፤
በር የለው፣ ጣሪያ የለው፤ አንድ ካቻቢቴ፣
አንድ ፒንሳ፣ አንድ ምላጭ፤ «ይኸው ነው ንብረቴ።»
ሽታው ነው ስሙ ራሱ፤ ሥራውም እንደ ስሙ ነው፤
ቁልፍ ከማንሳቱ በፊት አፍንጫው ነው የሚያየው።

ጠረኑን ማገና ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ።
«ዘይቱን ማን ለካው?»
«እኔ።»
«በምን?»
«በዓይኔ።»
«ዓይንህ ዓሣ ይለካ። ሃምሳ እጅ ቤንዚን፣ አንድ እጅ ዘይት፤
ቢያንስ ፒስተኑን ይበላዋል እሳት፣
ቢበዛ ካንዴላው ይለብሳል ጥላሸት።»

ካንዴላውን ፈታው። ጥቁር ነው፣ እርጥብ ነው፣
ከድስት ቂጥ ተፍቆ የወጣ የሚመስለው።
በሸሚዙ ጫፍ ጠርጎ፣ በምላጭ ፋቀና፣
ከብረቱ አስጠግቶ «ሳብ!» አለኝ እንደገና።
ሳብኩ። ሰማያዊ ብልጭታ፣ እንደ ኮረዳ ጥቅሻ።
«እሳት አለው» አለ። «ጉሮሮውን እንይ።»

አላፊ ጋሪ አስቁሞ፣ ከፈረሱ ጭራ
አንድ ፀጉር ነቀለ፤ ጋሪ ነጂው ሲያጓራ
«ለአሥራ አምስት ፈረስ ነው» አለው፣ «አንዱ ይራራ።»
በፀጉሩ ካርቡራቶሩን ወጋ፣ እፍ አለበት፤
የቁንጫ ዓይን የምታህል ጭቃ ወጣችበት።
«ይቺ ናት?»
«ይቺ አንዷ ናት።»
ከኤሊካው የእምቦጭ ሥር ቆርጦ ጣለና
«ሳብ» አለኝ።
ተነሳ!
ዳር ያሉት አጨበጨቡ፣ ጢሱ ሰማዩን ነካ፤
ወደ ዘጌ አቀናሁ፣ ደስታዬ ሳይለካ።

አምስት ደቂቃ።
እህህ። ዝም።

እየቀዘፍኩ መጣሁ። ሲያርፍ ይነሳል፤
ትንሽ ፈቀቅ ስል ግን መልሶ ይሞታል።
ሽታው አልደነቀው። በርሜሉ ላይ ተቀመጠ።
«ሲሞት እንዴት ነው የሚሞተው? በአንዴ ነው?»
«የለም፤ እያቃሰተ። ትንፋሽ እንዳጠረው።»
«በአንዴ የሚሞተው እሳት አጥቶ ነው፤
እያቃሰተ የሚሞት ረሃብ ይዞት ነው።»

የቤንዚኑን ጋን ክዳን ላላ አደረገው።
ጋኑ አየር ሳበ፤ ረጅም፣
ከውኃ ሥር ብቅ እንዳለ ዋናተኛ።

«ይህችን ቀዳዳ ማን ደፈናት?»

ዝም አልኩ። ከዚያ ነገርኩት።
ሐምሌ ላይ በማዕበል ከደቅ ስንመለስ፣
ውኃ በዚያች ገብቶ ከቤንዚኑ ሲለወስ፣
ሞተሩ ቆመብን። እኔና ታናሼ ስማቸው
ሌሊቱን በእጃችን ነው ሐይቁን የጨለፍነው።
በማግስቱ ጧፍ ገዝቼ፣ ሰሙን አቅልጬ፣
ቀዳዳዋን ደፈንኩ፣ ደጄ ላይ ተቀምጬ።
ይኸው መስከረም ጠባ፤
እስከ ዛሬ ፈርቼ ሐይቁን አልነካሁት።

ሳቀ። የፊት ጥርሱ አንዱ የለም።
«ብልሽትህ እኮ የሐምሌው ጥገናህ ነው፣ ወንድም።
አየር ያልገባበት ቤንዚን አይለቅም፤
የተደፈነ ጋን ዘንበል ቢል አይፈስም።»
ደግሞ ካቻቢቴውን በሱሪው እየወለወለ
«ቅኔ ቤት ነበርኩ» አለኝ፣ «ሁለት ክረምት ያህል፤
ወርቁ አልታይ ቢለኝ ጥዬ መጣሁ ወደዚህ።»
ሰሙን ፋቀው፣ ቀስ ብሎ፣ ቁስል እንደሚያጥብ።
«ይኸው ወርቁ» አለ።
ጎንበስ ብዬ አየሁ። ምንም የለም እዚያ።
ቀዳዳ። አየር ብቻ።

«ስንት ልክፈል?»
«ለሰሙ ምንም። ለጋሪው ፀጉር አምስት ብር ስጥ።
ለኔ ሁለት ቀረሶ፤ ስትመለስ።»

ስትመለስ አለኝ።

ዘጌን አለፍኩ፤ ነፋስ ተነሳ ከወደ ደቅ፤
ሞተሩ አላቃሰተም፤ እኔ ነኝ የምጨነቅ።
ማዕበሉ ሲመጣ፣ በአውራ ጣቴ ደፈንኳት፤
ሲያልፍ፣ አነሳሁላት።
ሲመጣ ደፈንኳት።
ሲያልፍ፣ ለቀቅኳት።