ዘጠኝ ጊዜ አንድ ሌሊት

ሐምሌ፣ ሰዘርላንድ፣ ካሩ በረሃ ላይ፤
ከሰው በግ ይበዛል፣ ከበግ ደግሞ ሰማይ።
ሌንሱን ጤዛ እንዳይዘው በሱፍ ካልሲ አቅፌ፣
የካሜራውን እግር በድንጋይ ደግፌ፣
ጨረቃ የሌለችበትን ሌሊት ልቆጥር ተቀመጥኩ።

ዓይን ምስኪን ናት፤
ብርሃን ስትጎርስ ጨለማ ይፈሳታል፣
ጨለማ ስትለምድ ብርሃን ያቆስላታል።
ካሜራም ያው ነው፤ አፉ ጠባብ፣
ባንዴ ሁሉን መዋጥ አይችልም።
ስለዚህ ሌሊቱን በዘጠኝ ጉርሻ እቆርስለታለሁ።
መጀመሪያ ቅጽበት ብቻ፤
ደማቆቹ ኮከቦች፣ እንደ መርፌ ጫፍ።
ቀጥሎ እጥፉ፣ ቀጥሎ የእጥፉ እጥፍ፣
እስከ መጨረሻው፣ አፉን ከፍቶ
የፍኖተ ሐሊብን አመድ
ጠብታ በጠብታ እስከሚጠጣው ድረስ።
ከዚያ ዞር። ሌላ አቅጣጫ። እንደገና ዘጠኝ።
ሰማይ ክብ ነው፤ በአንድ መስኮት አይገባም።

ሥራሽ ምንድን ነው ሲሉኝ «ሰማይ እሸጣለሁ» እላለሁ።
ይስቃሉ። እኔ ግን እውነቴን ነው።
ኬፕ ታውን፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ መስኮት በሌለው ክፍል፣
በኮምፒውተር የተሠራች አንዲት ሳተላይት አለች፤
ክብደት የላት፣ ብረት የላት፣
ክንፏ ተሰብሮ ከምሕዋሯ የወጣች፣
የፊልሙ ባለታሪክ።
እኔ ሰማዬን እንደ ድንኳን እደፋባታለሁ፤
ድንኳኑ ራሱ መብራት ነው።
እያንዳንዱ ኮከብ ልኩን ተሸክሞ ይመጣል፣
ቀለሙን ብቻ ሳይሆን ጉልበቱን፤
ይኸኛው አንድ፣ ያኛው አርባ ሺህ።
ዘጠኝ ጊዜ የምደክመው ለዚህ ነው፤
ሥዕል ብቻ የሆነ ሰማይ
ያምራል እንጂ ጥላ አይጥልም።

ስድስተኛው አቅጣጫ ላይ ነበርኩ፣
በጠጠሩ መንገድ መኪና መጣ።
የአባቴ ፒክአፕ፣ አንድ ፊት መብራቱ የሞተ፣
የቀረው ቢጫ።
«ፓ! አጥፋው!» ብዬ ጮህኩ፤
ሰላምታ መስሎት ጥሩንባ ነፋልኝ።
ቀስ ብሎ ነው የሚነዳው።
ከአጭሩ እስከ ረጅሙ፣ ዘጠኙም ውስጥ ገባ።
በቴርሞስ የሮይቦስ ሻይ ይዞልኝ ነበር።
«ደግሞ ምኑን ነው የምታነሺው?» አለ ቀና ብሎ፣
አርባ ዓመት በዚህ ሰማይ ሥር
የንፋስ ፓምፕ ሲጠግን የኖረ ሰው፤
«ምንም የለም እኮ።»

ድገሚው ይለኛል ልቤ፤ ጣቴ ግን ደንዝዟል።
ቤት ገብቼ ዘጠኝ ዘጠኙን አጋባሁ።
ኮረብታውን አጠፋሁ፣ መንገዱን፣ አጥሩን፣
ሕዋ ውስጥ አድማስ የለምና።
ፒክአፑንም ቆርጬ አወጣሁ፣
ከጎረቤት ሰማይ ቀድጄ ጣፍኩበት።
አንዲት ነጥብ አመለጠችኝ፤
ለዓይን ከአቧራ የማትለይ፣
ቁጥሯ ግን ከኮከብ ሁሉ የበለጠ።

በግምገማው ቀን ሳተላይቷ ስትዞር
በክንፏ ስብራት ጠርዝ
ቀጭን ቢጫ መስመር ሮጠ።
ኖምቩዮ እጇን አነሣች። ምስሉ ቆመ።
«ይህ የቱ ኮከብ ነው?»
ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።
ስም ልፈጥርለት አልኩ፣ ምላሴ እምቢ አለ።
«ቅርብ ነው» አልኳት።
ዝም ብላ አየችው፣ ብዕሯን እያኘከች።
«ትንሽ ቀንሽው» አለች፤
«አታጥፊው ግን።»

ፊልሙ ሲወጣ ፓን ሲኒማ ቤት ወሰድኩት፣ ወስተር ድረስ።
ሸሚዙን ተኩሶ፣ ጫማውን ወልውሎ መጣ፤
እንቅልፉ ከሳተላይቷ ቀደመ።
ቢጫው መስመር ስክሪኑን ሲያቋርጥ
እኔ ስክሪኑን አላየሁም።
የገዛ መብራቱ፣ ከዚያ ሁሉ ሕዋ ተመልሶ፣
ያልተላጨ ጉንጩን አገኘው፤
ሁለት ሰከንድ። ቢበዛ ሦስት።
አንኮራፋ።

ማታውን በፒክአፑ ወደ ቤት ነዳን።
ያኛው መብራት አሁንም አይሠራም።