ሹልዳ

ሁለት መቶ ስድስት ነው የሰው አጥንት ቁጥር፤
መቶ አርባ ላይ ነበርኩ፣ ከእጅ ሳልሻገር።
አርብ ማታ ነው። ቂርያት ጋት ዝም ብሏል፤
የሰንበት ሰዓቱ ግድግዳው ላይ ይቆጥራል፤
በአባቴ አምስት ሰዓት፣ በአገሩ አስራ አንድ፣
ቀጭ አለና ዋጠው የማጠናውን ክንድ።

ብዕር አይነካም፣ ሰንበት ነው፤ ስልኬም መሳቢያ ውስጥ ታስሯል፤
ሻማዎቹም ከራት በኋላ አንድ በአንድ ሰምጠው ቀርተዋል።

ፈተናው እሑድ ነው፣ ቤርሼባ፣ በጠዋት።
አምና ሃምሳ አራት አምጥቼ ወድቄበት፣
ስድስት ነጥብ ጎድሎኝ፣ ስድስት ነጥብ ብቻ፤
የጣለኝም ነርቭ ነው፣ አጥንት አይደል ጡንቻ።
“ችግርሽ ቋንቋ ነው” አለች አስተማሪዋ፤
አስቀሎን መወለዴን መች ሰምቶት ጆሮዋ።

ልብን አውቃታለሁ፦ አራት ክፍል፣ አራት በር፣
ደም በቀኝ ገብቶ፣ ሳንባ ደርሶ፣ በግራ ሲሻገር፤
ኩላሊትም ገብቶኛል፣ እንደ ውሃ ቢሮ
ያጣራል፣ ይመልሳል፣ የቀረውን ቆጥሮ።
ነርቭ ግን ሽቦ ነው፣ ሰፈራችን ፎቅ ላይ እንደተንዠረገገው፤
የማን ከማን ቤት እንደሚገባ ማን ሊለየው?

አባቴ ሶፋው ላይ ጋቢ ተከናንቦ
ሲሰማኝ ኖሯል ለካ፣ ልቡን ሰብስቦ።
“ምን ጠፋሽ?”
“መብራት።”
“ሌላስ?”
“ነርቭ። የእግር።”
“እሱማ በጣት ነው” አለኝ፤ “ነይ፣ ላስተምር።”

እጄን በጋቢው ላይ ዳሌው ጋ አኖረና
ጀመረ፣ ሰው አገሩን እንደሚያስጎበኝ፣ በጥሞና፦
“ከወገብ ይነሳል፣ አንድ አይደለም ሥሩ፤
ክር ከክር ተገምዶ...” “አምስት!” አልኩ፤ ተቆጠሩ።
“ከመቀመጫ ሥር ይወርዳል፣ በጭን ጀርባ፣ በስውር፣
ቋንጃ ላይ እስኪደርስ፣ ለሁለት እስኪሰነጠር፤
አንዱ ወደ ባት ነው፣ አንዱ ወደ ውጭ ጎን።”
“ማን ነገረህ?”
“በሬ” አለ፤ “ማን ሊሆን?”

አምቦበር አራጅ ነበር። ያዕቆብ ሌሊት ከታገለ፣
ጭኑን ተነክቶ ሲነጋ እያነከሰ ከዋለ
ወዲህ አንበላውም፤ ስሙም ሹልዳ ነው፤
ሳይበጠስ መዞ ነበር አባቴ የሚያወጣው።
“ስንት በሬ?” ብለው፣
“መች ቆጠርኩ” አለኝ፤ “ቁጥሩ ያንቺ ነው።”

ጣቴ ወርዶ ወርዶ ወደ ቋንጃው ሲቀርብ
ትንፋሹን ቋጠረ፤ እግሩ ሲርገበገብ
ከጋቢው ሥር ሰማሁት።
ገጽ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት፣
ያሰመርኩበት ጥያቄ ትዝ አለኝ በድንገት፦
“አባ፣ ሲያምህ የሚያልቀው አውራ ጣት ላይ ነው፣ ወይስ ትንሿ ጣት?”
“ትንሿን።”
“ስንት ዓመት?”
“ከጆንያው ጀምሮ።”
(ማሸጊያ ፋብሪካው። ሃያ ሁለት ዓመት።)
ከአምስተኛው አከርካሪ ግርጌ ነው፤ ለሚያጠና አይከብድም።
“ለሐኪሙ ለምን አልነገርህም?”
“በየትኛው ቋንቋ?” አለኝ። ፍሪጁ ብቻ ሲያጉረመርም።

የቀሩኝን ስልሳ ስድስት አጥንቶች እሑድ ባቡር ላይ ቆጠርኩ፤
ጥያቄ አስራ ሰባት ስደርስ የሳቅሁ መሰለኝ፣ አፈርኩ፤
ዕብራይስጡም ‘ናሼ’ ይለዋል፣ የኦሪቱን ስም ሳይለቅ፤
ቀኜ ሲጽፍ ግራዬ ከጠረጴዛው ሥር የራሴን ጭን ሲጠይቅ።

ውጤቱ አልመጣም። ሰኞ ግን ክሊኒክ ደውዬ፣
“ታማሚው?” ሲሉኝ “ቢያድግልኝ፣ አባቴ” ብዬ፣
ከወገብ እስከ ትንሿ ጣት፣ በቋንቋቸው፣ ሳላስቀር ነገርኳቸው።
ቀጠሮው ከፋሲካ በኋላ ነው አሉ።
እሱ እንደሆነ መጠበቅ ያውቃል፤ እኔ ነኝ የማልችለው።